ተራ የሌለበት መክፈቻ

ቼዝ የሚጫወቱ ሰዎች አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ ቅዳሴ ላይ እንዳለ ሰው ጸጥ ይላሉ። እኔ አልችልም። ገና የመጀመሪያው ወታደር ሁለት ቤት ሲራመድ ጆሮዬ ይግላል፤ ተነሥቼ እወጣለሁ። ሻይ ቤት ውስጥ ያሉት «ይሄን ልጅ ምን ነካው?» ይላሉ። የነካኝን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ ሌሎችን እየሰደብኩ እጀምርና መጨረሻው እኔው ላይ ስለሚመጣ። አሁን ምንም ሳልዘል እጽፈዋለሁ።

እኛ የተማርንበት የዲላ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ነበር። ከዚያ በላይ መማር የፈለገ ይርጋለም ይሄዳል። እዚያ ዘመድ ያለው ዘመዱ ቤት ያድራል፤ ዘመድ የሌለው አዳሪ ቤት ካልገባ ትምህርቱ አበቃ ማለት ነው። በዚያ ዓመት አዳሪ ቤቱ ከእኛ ትምህርት ቤት ለአንድ ተማሪ ብቻ አልጋ እንዳለው ጻፈ። አንድ አልጋ።

እኔ ይርጋለም አክስት ነበረችኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ወደ ኋላ ባቆየው ልደብቀው እንደምችል ራሴን አውቀዋለሁ። አክስቴ ደግ ሴት ናት፤ «ና እኔ ጋ» ብላ ሁለት ጊዜ ልካብኛለች። ነገር ግን ቤቷ ጠባብ ነው፣ ልጆቿ ብዙ ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ መላላክ አለ። እኔ ደግሞ ግጥም መሞነጫጨር ጀምሬ ነበርና የራሴ አልጋ፣ የምቆልፈው ሳጥን፣ ማንም በትከሻዬ አሻግሮ የማያነብበት ጥግ አማረኝ። ችግሬ ይኸው ነበር። ጓደኛዬ ግን ይርጋለም ውስጥ ማንም አልነበረውም።

ጓደኛዬ ከቡሌ ቁልቁል ሲወርዱ ካለ መንደር የመጣ የጌዴኦ ልጅ ነው። ከተማው ያን ጊዜ «ደራሳ» ይላቸው ነበር፤ እነሱ ራሳቸውን ማን ብለው እንደሚጠሩ የሚጠይቅ አልነበረም። ሰኞ በእግሩ ይመጣል፣ ሳምንቱን አንድ የጸሎት ቤት ዘበኛ ጎጆ ውስጥ ያድራል፣ አርብ ሲደወል ዳገቱን ይያያዘዋል። አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ ወንድና ሴት ይቀላቀልበታል። «ዲሬክተሩ መጣች» ሲል ክፍሉ በሳቅ ይፈርስ ነበር። እኔም እስቅ ነበር። በእንግሊዝኛና በሒሳብ ግን ከእኔ በቀር የሚደርስበት አልነበረም።

አባቱ የግራዝማች ጭሰኛ ናቸው። ግራዝማች የከተማው ትልቁ ባለ መሬት፣ የትምህርት ቤቱም ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። አባቴን ወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ አድርገው ያስቀጠሩትም እሳቸው ናቸው። አሁን «እሱ» ብዬ ልጽፍ ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ። ይህም ራሱ ያናድደኛል።

ቼዝን ያመጣልን አንድ የውጭ አገር ወጣት መምህር ነው። ሁለት ዓመት አስተምሮን ሲሄድ ሰሌዳውንና ስለ መክፈቻ የሚናገር አንድ መጽሐፍ ትቶልን ሄደ። መክፈቻ ማለት የጨዋታው የመጀመሪያ አሥር ገደማ እርምጃዎች ናቸው፤ ጦሩ ከሰፈሩ ወጥቶ ቦታ እስኪይዝ ድረስ ያለው። መጽሐፉን እኔና ጓደኛዬ በሳምንት ተራ እየተቀባበልን አነበብነው። ያነበብነው ግን አንድ ዓይነት ነገር አልነበረም። በየገጹ የእርምጃዎቹ ዝርዝር አለ፣ በዝርዝሮቹ መካከል ደግሞ ረጃጅም ማብራሪያ። እኔ ማብራሪያውን እየዘለልኩ ዝርዝሩን በቃሌ አጠናሁ። ነጭ ይህን፣ ጥቁር ያን፣ ነጭ ይህን፣ ጥቁር ያን፤ ምት ነበረው፣ ያዜማል። እሱ ዝርዝሩን ትቶ ማብራሪያውን መዝገበ ቃላት እያገላበጠ በየቃሉ ቆፈረው። አንዱን አንቀጽ ሳምንት ሙሉ ይዞት የሚዞርበት ጊዜ ነበር።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ዋንዛው ሥር ሰሌዳውን ዘርግተን ስንጫወት ሁልጊዜ ይነተርከኛል።

«ይህቺ ወታደር ለምን ሁለት ቤት ሄደች?»

«መጽሐፉ ላይ እንደዚያ ነዋ።»

«እሱን አልጠየቅሁህም። ምን ፈልጋ ነው የሄደችው?»

«ወታደር ምን ይፈልጋል? ሂድ ተባለ፣ ሄደ።»

«አንተ ገጣሚ ነኝ ትላለህ እንጂ መዝገብ ቤት ነህ! ሁሉን አስቀምጠሃል፣ ምን እንደሆነ አታውቅም።»

ይህን ሲለኝ እናደዳለሁ፤ እውነት ስለሆነ። ከዚያ ጠጠር ያነሣና ያሳየኛል። ፈረሱን ዳር ላይ ያስቀምጠውና «ቁጠር፣ ስንት መንገድ አላት?» ይለኛል። አራት። መሀል ላይ ያመጣዋል። «አሁንስ?» ስምንት። «ስለዚህ መሀሉን ለምን እንደሚጣሉበት ገባህ? ቦታው ስላማረ አይደለም። እዚያ የቆመ ሁሉ ቦታ ይደርሳል።» ወታደሯም የምትሄደው ለራሷ እንዳልሆነ ያሳየኛል፤ ከኋላዋ ለቆሙት ለጳጳሱና ለንግሥቲቱ በር ልትከፍት ነው። ንግሥቲቱን ቸኩለህ ብታወጣት ትንንሾቹ እያሳደዷት ራሳቸው ቦታ ይይዛሉ፤ አንተ ስትሸሽ እነሱ ሲሰለፉ ጨዋታው ያልቃል። ደግሞ ከንጉሡ አጠገብ፣ በጳጳሱ ፊት የቆመችውን ወታደር በጣቱ ይነካና «ይህቺን እይ፣ ከንጉሡ በቀር የሚጠብቃት የለም። ሰው ሊገድልህ ቢመጣ በዚህ ነው የሚመጣው። ከሌላው ሁሉ በፊት እሷን አስብ» ይለኛል። ያቺን ደካማ ቦታ ያሳየኝ እሱ ነው። ይህንም አልደብቅም።

አንድ ቀን «ይህን ሁሉ ከዚያ መጽሐፍ ብቻ ነው ያወቅኸው?» አልኩት።

«ግማሹን ከአባቴ» አለና ሳቀ። «አባቴ ቼዝ አታውቅም። ግን አዲስ ቦታ ላይ መጀመሪያ ቡና አይተክልም። ጥላ ይተክላል። ዛፉ እስኪያድግ እንሰት ያስገባል። ቡናዋ በመጨረሻ ነው የምትመጣ። አንዱ የከተማ ሰው መጥቶ ቡናውን ብቻ ተከለ፤ ፀሐይ ጨረሰችው። አባቴ ለምን እንደሆነ ስለሚያውቅ መሬቱ ቢቀየርም ያውቃል። ያ ሰውዬ ግን ቡና ሲተከል ብቻ ነው ያየ።»

እኔ ያ ሰውዬ ነበርኩ። በቃሌ ባጠናሁት መክፈቻ የክፍላችንን ልጆች ሁሉ እደቁሳለሁ፤ እሱ ግን አንዲት እርምጃ ብቻ ከመጽሐፉ ወጣ ካለብኝ ድንብርብሬ ይወጣል። ቀጥሎ የምለው የለኝም። ከአሥር ጨዋታ ስምንቱን ይበላኛል።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲመጣ እኔና እሱ እኩል ወጣን። አንዱን መምረጥ የዲሬክተሩ ፈንታ ነበር። መምረጥ ደግሞ ቀላል ነበር፤ «ይርጋለም ዘመድ ያለው ማነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃል። ማንም አልጠየቀም። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ግራዝማች ሳቁና «እነዚህ ልጆች ቼዝ የሚሉትን የፈረንጅ ሰንጠረዥ ይችላሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ይጫወቱበት፣ ያሸነፈ ይሂድ! እኔ ዳኛ እሆናለሁ» አሉ። ዲሬክተሩም «ጥሩ ሐሳብ ነው ግራዝማች» አለ። የአንድ ሰው ዕድሜ ልክ ጉዳይ ለአንድ ቅዳሜ ከሰዓት መዝናኛ ሆነ፤ ትልልቆቹ ሰዎችም ጥሩ ሐሳብ ነው አሉ።

እውነቱን ለመናገር ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። «በቼዝማ ይሻላል» አለኝ፤ «በቼዝ ማንም ማንንም አይቶ አያዳላም።»

ቅዳሜ ዲሬክተሩ ቢሮ ሰሌዳው ተዘረጋ። ግራዝማች ካባቸውን ወንበሩ ላይ ጥለው ከጎናችን ተቀመጡ። ዲሬክተሩ ከጠረጴዛው ኋላ ሻይ ይዟል። አባቴ በግድግዳው አግዳሚ ላይ ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር አለ። በሩ ክፍት ነው። ውጭ የግራዝማችን በቅሎ ይዘው የቆሙት የጓደኛዬ አባት ናቸው፤ ያን ቀን ተራው የእሳቸው ነበር። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ልጃቸውን በበሩ በኩል ያዩታል።

እዚህ ላይ ስለ ግራዝማች ሰንጠረዥ መናገር አለብኝ። የአባቶች ሰንጠረዥ ከቼዝ ጋር ዘመድ ነው፤ ንጉሡም ፈረሱም አለ። አከፋፈቱ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያው ወረራ ይባላል፤ ከሰሌዳው ላይ አንድ ሰው እስኪገደል ድረስ ተራ የለም። ሁለቱም እንደ ልባቸው፣ እንደ እጃቸው ፍጥነት ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ ያፈርሳል፣ ይቀይራል። የመጀመሪያው ደም ሲፈስ ብቻ በተራ መጫወት ይጀመራል። ግራዝማች ግቢ ውስጥ ሲጫወቱት አይቻለሁ፤ ያምራል፣ ሐሳብም አለው። ጨዋታውን አልጠላውም። እኛ የተቀመጥንበት ግን ያ ጨዋታ አልነበረም፤ በዚያ ክፍል ውስጥም ቢያንስ ሦስት ሰዎች ይህን እናውቅ ነበር።

ጓደኛዬ ነጭ ነው። የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት አስኬደ፣ እኔም። ፈረሱን አወጣ፣ እኔም። ጳጳሱን አወጣ፣ ሁለተኛ ፈረሴን አወጣሁ። እስከዚህ በቃሌ ነው፤ እጄ ያዜማል። ቀጥሎ ፈረሱን ወደ እኔ ይልካል ብዬ ስጠብቅ፣ የንግሥቲቱን ወታደር አንድ ቤት ብቻ፣ ቀስ አድርጎ ገፋት። ያቺ እርምጃ ባጠናሁት ዝርዝር ውስጥ የለችም። የማደርገው ጠፋኝ።  ብዙ ቆይቼ ጳጳሴን እሱ እንዳወጣው አወጣሁ፤ ኩረጃ ነበር። አሁን ተራው የእሱ ነው። ሰሌዳውን እያየ አሰበ።

ግራዝማች ተቁነጠነጡ። «አንተ ልጅ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አሉ፤ እኔን ነው። «ጦርህ እኮ ተኝቷል!»

«ተራው የእሱ ነው ግራዝማች» አልኩ።

«ተራ? ሰው ሳይገደል ደግሞ ምን ተራ አለ? ገና ወረራ ላይ እኮ ናችሁ! አሰልፍ እንጂ!»

ዲሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «በዚህኛው አጨዋወት እንኳን ግራዝማች…»

«በዚህኛው ምን?»

«አይ… ምንም» አለና ሻዩን ማማሰል ጀመረ። ብርጭቆው ውስጥ የቀረው ግማሽ ጉንጭ አይሞላም። ያ የውጭ አገር መምህር የቼዙን ሕግ ያስተማረው ከእኛ በፊት ለእሱ ነው።

ግራዝማች ወደ ጓደኛዬ ዞሩ። «አንተስ ማን ያዘህ? አንቀሳቅስ። ለሁለታችሁም እኩል ነው።»

ጓደኛዬ ተነሥቶ ቆመ። «አንድ በአንድ ነው ግራዝማች። መጽሐፉ ላይ…»

«መጽሐፍ! እኔን ሰንጠረዥ ከፈረንጅ መጽሐፍ ሊያስተምረኝ ነው እንዴ!»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሳቁ። አባቴም ሳቀ። ድምፁ ውጭ ድረስ ሄዶ ነበርና የጓደኛዬ አባት በበሩ አንድ እርምጃ ጠጋ አሉ፤ ምን እንደተባለ አልገባቸውም፣ ልጃቸው በግራዝማች ፊት ቆሞ ሲናገር ብቻ ነው ያዩት። ፊታቸው ተለወጠ። በእጃቸው «ተቀመጥ» አሉት። ጓደኛዬ አያቸውና ተቀመጠ። ወታደሮቹን አልነካም። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

የቀረሁት እኔ ነበርኩ። እኔ ብናገር ቅጣት የለብኝም፤ ግራዝማች «የእኛው ልጅ» ይሉኛል፣ ቢበዛ ጆሮዬን ቆንጥጠው ይስቃሉ። «እውነቱን ነው፣ በተራ ነው» የምትል አራት ቃል ነበረች። ቃል እወዳለሁ የምለው እኔ፣ አራት ቃል።

ፈረሴን አንሥቼ ወደ ንጉሡ ሰፈር አሻገርኩት። ቀና አልኩ። አሁንም እያየኝ ነው፤ እጆቹ ጭኑ ላይ ናቸው። ያ እርምጃ በተራው የመጣ ቢሆን ኖሮ ንጉሡን ወደ ጥግ አስገብቶ ይስቅብኝ ነበር። ደግሜ እጄን ሰደድኩና በዚያው ፈረስ ያቺን ወታደር፣ ከንጉሡ በቀር የሚጠብቃት የለም ያለኝን፣ በላኋት። ፈረሴ በአንድ ጊዜ ንግሥቲቱንም ጥጉ ላይ ያለውን ግንብም አስፈራራ። ጳጳሴ ከሩቅ ይጠብቀዋልና ንጉሡ ሊነካው አይችልም።

ግራዝማች አጨበጨቡ። «ደም ፈሰሰ! እንግዲህ ከአሁን በኋላ በተራ!»

ይህቺን አባባል እስከ ዛሬ በሰማኋት ቁጥር ጥርሴ ይንቀጫቀጫል፤ የምሰማትም በራሴ ውስጥ ብቻ ነው፣ ሌላ የሚያስታውሳት የለም። ተዘርፎ ካለቀ በኋላ ሕግ ተጀመረ። ከዚያ ወዲያ ግራዝማች ፍጹም ትክክለኛ ዳኛ ሆኑ፤ እኔ አንድ ጊዜ ቸኩዬ እጄን ስሰድ «ተራህን ጠብቅ!» ብለው ገሠጹኝ።

ጓደኛዬ ንግሥቲቱን አሸሸ፣ ግንቡን በላሁበት። ግንብ ጎድሎበት እንኳ ሊያሸንፈኝ ትንሽ ነበር የቀረው። ሠላሳ ገደማ እርምጃ አለፋኝ። አንድም እርምጃ ተበሳጭቶ አልተጫወተም፤ ያንን ማየት ከስድብ ይከፋ ነበር። ንጉሡን ይዤበት ሲያልቅ ተነሥቶ ግራዝማችን በሁለት እጁ ጨበጠ፣ እጅ ነሣ። «ጎበዝ!» አሉት፤ «ደራሳም ሰንጠረዥ ይችላል ለካ!» ወጥቶ ከአባቱ ጋር ቆመ። አባቱ ስለ ውጤቱ አልጠየቁትም፤ ስለ መቆሙ ነው በጌዴኦኛ በዝግታ የተቆጡት። አባቴ ግንባሬን ሳመኝ።

እሁድን በሙሉ ተናደድኩ። በግራዝማች፣ በዲሬክተሩ፣ ጥርሳቸውን ባሳዩት ሰዎች። ሰኞ ጠዋት ዲሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ከመግባቴ በፊት በሩ ላይ ቆሜ አልሰማ ቢለኝ ደስ እንደሚለኝ አውቅ ነበር።

«ጋሼ፣ ያ ጨዋታ ትክክል አልነበረም። እኔ ሁለት ጊዜ ደርቤ ነው የተጫወትኩት።»

«አውቃለሁ» አለ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

«እንግዲያው አልጋው ለእሱ ይሁን። እኔ አክስት አለችኝ።»

አሁን ቀና አለ። «ልጄ፣ ግራዝማች በዳኙበት ላይ እኔ ልፍረድ? ካልፈለግህ ተወው። ሦስተኛ የወጣው የቡና ነጋዴው ልጅ አለ፣ አባቱ ዛሬውኑ ይመጣል። ለጓደኛህ ግን አይደርስም። ግራዝማች ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? "ያ ልጅ ቢያሸንፍም አልለቀውም ነበር፤ ዘንድሮ ቡና ለቀማ ላይ ሰው ያስፈልገኛል" ነው ያሉኝ። ስለዚህ ሕሊናህን አታስጨንቀው። ትሄዳለህ ወይስ አትሄድም?»

«እሄዳለሁ» አልኩ።

ከቢሮው ስወጣ፣ ልናገረው ያሳፍረኛል፣ ቀለለኝ። ለካ ከመጀመሪያውም አይሄድም ነበር፤ ለካ የእኔ ሁለት እርምጃ ምንም አላመጣችም። ይህን ይዤ ሁለት ቀን በደስታ ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን ልብሴን ሳጥን ውስጥ ሳስገባ ነው የገባኝ። ፈረሱን ሁለት ጊዜ ሳነሣ ይህን አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ አልጋው የእሱ ሊሆን ይችላል ብዬ ነው ያነሣሁት።

ወደ ይርጋለም የሚሄደው የጭነት መኪና የሚነሣው ከገበያው ዳር ነው። ሳጥኔን አስጭኜ ቆሜ ሳለ ጓደኛዬ ከግራዝማች ቡና ጋር ወደ ከተማ ከወረዱት ሰዎች መካከል ወጥቶ መጣ። ትከሻው ላይ የጆንያ ገለባ ነበር። ሰላም ተባባልን። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ ጥቂት አወራን። ከዚያ እንደ ወትሮው ሰሌዳ ላይ ሲጠይቀኝ እንደነበረው ሳይሆን፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ለምን ዝም አልክ?» አለኝ።

መልስ ነበረኝ። ፈለግሁት፣ የራሴ ሳጥንና የራሴ ጥግ አማረኝ፣ ደግሞም በንጹሕ እንደማላሸንፍህ አውቅ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን በጩኸት ነበር፤ ሹፌሩ እንኳ ዞሮ አየኝ።

«አንተስ? አንተስ ለምን ዝም አልክ?»

አባቱ በሩ ላይ ልጓም ይዘው መቆማቸውን አይቼ፣ እጃቸውን ሲያወናጭፉ አይቼ፣ መልሱን ከእሱ በላይ እያወቅሁ ነው ይህን ያልኩት።  ከታች «ና ይህን ያዝ!» የሚል ጥሪ ሲመጣ ሄደ። የጆንያውን አንድ ጫፍ ያዘ፣ ሌላውን አባቱ ያዙ፣ ወደ መጋዘኑ ገቡ።

አዳሪ ቤቱ አልጋዬን በመስኮት አጠገብ ሰጠኝ። አራት ዓመት ተኛሁበት።